የጀልባ መሪ ድጋፍ ሲሰበር

(በሬዲዮ የተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር)

 

በቃሊቲ ማረሚያ ቤት የትምህርት ክፍል ተሰብስባችሁ የምታዳምጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ንግግር በኋላ በጽሑፍ የምታነቡም እንዲሁ። ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አቅርቡ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ብረት ሥራ ነው። የምንማርበት ዕቃ ግን ጀልባ ነው።

"ቃሊቲ ተቀምጠን የምን ጀልባ ነው?" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ በግቢው ውስጥ ጀልባ የለም። ነገር ግን ከመካከላችሁ የባሕር ዳር ልጅ ይኖራል። የጎርጎራ፣ የዝዋይ፣ የሐዋሳ፣ የአርባ ምንጭ፣ የጋምቤላ ልጅም ሊኖር ይችላል። ደግሞም ሰው ባለበት አይቀርም። ብየዳ የተማረ ሰው ነገ ሐይቅ ዳር ሥራ ሊያገኝ ይችላል። ሐይቅ ዳር ባይደርስም ግድ የለም። የዛሬው ዘዴ ለበር ማጠፊያም፣ ለጋሪም፣ ለወፍጮም ያገለግላል።

ዘዴው በአንድ አረፍተ ነገር ይህ ነው። ጻፉት፦ የተሰበረውን ከመበየድ በፊት፣ ለምን እንደ ተሰበረ ማወቅ።

የጀልባ መሪ ምንድን ነው?

ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። የዓባይ ወንዝ የሚነሣው ከዚህ ነው። በሐይቁ ላይ ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚጓዘው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነው። ታንኳ ለብቻው መሪ የለውም። ቀዛፊው በያዘው መቅዘፊያ ይነዳዋል፤ በዚያው መቅዘፊያ ያዞረዋል።

የሞተር ጀልባ ግን እንዲህ አይደለም። ሞተሩ ወደ ፊት ይገፋታል እንጂ ወዴት እንደምትሄድ አያውቅም። አቅጣጫ የሚሰጣት ሌላ ነገር ነው። በጀልባዋ ኋላ፣ ውኃ ውስጥ የገባ አንድ ዝርግ ነገር አለ። ከሳንቃ ወይም ከወፍራም ላሜራ ይሠራል። ዛሬ "የመሪ ሰሌዳ" እንበለው። ነጂው መሪውን በእጁ ወደ ቀኝ ሲያዞር ሰሌዳው ወደ ቀኝ ይዞራል። ውኃው ሰሌዳውን ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ የጀልባዋ ኋላ ወደ ግራ ይሄዳል፤ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይዞራል።

በአንዳንድ ጀልባዎች ሞተሩ ከኋላ በውጭ በኩል የተንጠለጠለ ነው። በእነዚህ ሞተሩ ራሱ ስለሚዞር የመሪ ሰሌዳ አያስፈልጋቸውም። ዛሬ የምንናገረው ሞተራቸው በሆዳቸው ውስጥ ስለ ተቀመጠ አሮጌ ጀልባዎች ነው።

ታዲያ ሰሌዳው በምን ተይዞ ይቆማል? በርን አስቡ። በር ብቻውን አይቆምም። በማጠፊያ ተይዞ ነው የሚዞረው። የመሪ ሰሌዳም እንደዚያው ነው። መካከሉ ወይም ጠርዙ ላይ ዘንግ አለው። ዘንጉ ከላይና ከታች በብረት ድጋፍ ይያዛል። ድጋፉ ከጀልባዋ አካል ጋር በብየዳ ወይም በብሎን ተጣብቋል። ዘንጉ በሚዞርበት ቀዳዳ ውስጥ ቦኮላ ይገባል። ቦኮላ ማለት ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ በመካከል የሚገባ ክብ ቀለበት ነው።

አሁን ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ሰሌዳው አይደለም። የሚሰበረው የያዘው ድጋፍ ነው። በርም ሲበላሽ መጀመሪያ የሚለቀው ማጠፊያው ነው፤ አይደለም እንዴ?

ድጋፉ ቢለቅ ምን ይመጣል?

በጣና ላይ ጠዋት ብዙ ጊዜ ውኃው ረጋ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል። ሐይቁ ጥልቀቱ ትንሽ ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 15 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል።

እንበልና አንዲት አሮጌ ጀልባ 20 ሰው ጭና ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር ትመለሳለች። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘዋል። ነፋስ ተነሥቷል። በዚህ ሰዓት የመሪው ድጋፍ ቢሰበር ነጂው መሪውን ያዞራል፤ ጀልባዋ ግን አትሰማውም። ሞተሩ ይሠራል፤ አቅጣጫ ግን የለም። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። ጎን የሰጠች ጀልባ ውኃ ይገባባታል፤ ልትገለበጥም ትችላለች። እንግዲህ የበያጁ ስህተት የሚታወቀው በዚህ ሰዓት ነው። በያጁ ያን ጊዜ በቦታው የለም። ሥራው ግን አለ።

ነገሩ በትልልቅ መርከቦችም ደርሷል። መጋቢት 7 ቀን 1970 ዓ.ም. "አሞኮ ካዲዝ" የሚባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ በፈረንሳይ አገር፣ በብሪታኒ ጠረፍ አጠገብ ያልፍ ነበር። የጫነው ድፍድፍ ነዳጅ ወደ 220,000 ቶን ነበር። በኃይለኛ ማዕበል መካከል መሪውን የሚያዞረው መሣሪያ ተበላሸ። መሣሪያውን የያዙ ብሎኖች ነበሩ የተቆረጡት። ግዙፉ መርከብ አቅጣጫ አጥቶ ከቋጥኝ ጋር ተላተመ። ነዳጁ ፈስሶ ባሕሩንና ጠረፉን በከለ። ብሎን በእጅ መዳፍ የምትያዝ ነገር ናት። ግን አያችሁ፣ መርከብ አጠፋች።

ለምን ይሰበራል?

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ 5 ናቸው።

1ኛ. ዝገት። ውኃና አየር የሚፈራረቁበት ብረት ቶሎ ይዝጋል። ከሁሉ በፊት የሚበላው ብየዳው ያለበት ቦታ ነው።

2ኛ. ግጭት። ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ሰሌዳው ድንጋይ ይመታል። ያን ቀን አይሰበር ይሆናል። ግን ትንሽ ስንጥቅ ይገባበታል። ስንጥቋ በየቀኑ ታድጋለች።

3ኛ. የቦኮላ ማለቅ። ቦኮላው ሲሳሳ ዘንጉ ይወዛወዛል። መወዛወዙ ድጋፉን ቀኑን ሙሉ እንደ መዶሻ ይመታዋል።

4ኛ. አረም። እምቦጭ የሚባለው አረም በ2000ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመታት በጣና ላይ ታየ። ሥሩና ግንዱ በፕሮፔለሩና በመሪው ላይ ይጠመጠማል። ነጂው መሪውን በኃይል ሲታገል ድጋፉ ይጣመማል።

5ኛ. የማይስማሙ ብረቶች። ነሐስና ተራ ብረት ውኃ ውስጥ ተነካክተው ሲቆዩ ተራው ብረት ይበላል። የነሐስ ዘንግ በተራ ብሎን ያሰረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ብሎኑን ተበልቶ ያገኘዋል።

ለምን ይህን ሁሉ እናውቃለን? ምክንያቱ ካልጠፋ ብየዳው አይቆይም። ቦኮላው ያለቀበትን ድጋፍ ብትበይዱት በወሩ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ባለጀልባውም "በያጁ አይረባም" ይላል። ቢልም አይፈረድበትም።

ምልክቶቹ

ድጋፍ ሳይነግር አይሰበርም። ነጂው መሪውን ትንሽ ሲያዞር ጀልባዋ ካልታዘዘች፣ አንድ ነገር ላልቷል ማለት ነው። ከኋላ "ኳ፣ ኳ" የሚል ድምፅ ካለ ዘንጉ ይመታል። መሪው በእጅ ላይ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ከኋላ በኩል አዲስ ውኃ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ቆሞ ማየት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ምልክት የታየባት ጀልባ ወደ ዳር ስትመለስ ቀስ ብላ ትመለስ። ፍጥነቷ 2 እጥፍ ሲሆን ውኃው በሰሌዳው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነት መቀነስ ራሱ ድጋፉን ያሳርፈዋል።

ከእሳት በፊት

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ። ጀልባዋ የብረት አካል ያላት ናት እንበል።

በመጀመሪያ ጀልባዋን ከውኃ ማውጣት ነው። በደረቅ መሬት ላይ፣ በወፍራም እንጨት ተደግፋ ትቁም። በክሪክ ብቻ ተይዛ ከሥሯ አይገባም። ክሪክ ቢንሸራተት ሰው ይጨፈለቃል።

ቀጥሎ ነዳጅ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ ከታች ይተኛል። አይታይም። አንድ የብየዳ ብልጭታ ከነካው ይፈነዳል። የነዳጁ ጋን ከጀልባዋ ይውጣ። ባትሪው ይፈታ። በሆዷ ያለው ዘይትና ውኃ ይጠረግ። ክዳኖች ሁሉ ተከፍተው አየር ይግባ። አሸዋና እሳት ማጥፊያ በአጠገብ ይቀመጥ።

"ጋኑ ባዶ ነው" የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት። ባዶ ጋን በትነት የተሞላ ነው። ከሙሉው ይልቅ የሚያስፈራው ባዶው ነው። ይህ ለጀልባ ብቻ አይደለም። የነዳጅ በርሜል ሲበይዱ የሞቱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ደግሞ ከምትበይዱት ብረት ጀርባ ምን እንዳለ እዩ። እንጨት፣ ስፖንጅ ወይም ገመድ ካለ ከውስጥ ይቀጣጠላል። በውስጥ በኩል አንድ ሰው ውኃ ይዞ ይጠብቅ።

ጠመኔና ላምባ

አሁን ስንጥቁን እንፈልግ። ሁሉ ስንጥቅ በዓይን አይታይም። ደግነቱ መፈለጊያው ርካሽ ነው። በክፍላችሁ ውስጥ አለ፤ ጠመኔ ነው።

ድጋፉን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት። ቀለሙና ዝገቱ ተነሥቶ ብረቱ ይታይ። ከዚያ ላምባ ቀቡት። 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ላምባ ቀጭን ስለ ሆነ በስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ጥረጉት። አሁን የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ትንሽ ቆዩና ተመልከቱ። ስንጥቅ ባለበት ላምባው ተመልሶ ወጥቶ ነጩን ጠመኔ ያርሰዋል። ቀጭን ጥቁር መስመር ታያላችሁ። ያ መስመር ስንጥቁ ነው። ልክ በሰሌዳ ላይ እንደ ተጻፈ ይነበባል። ካያችሁ በኋላ ላምባው ጨርሶ ተጠርጎ ይድረቅ። ላምባ ባለበት አይበየድም።

ሁለተኛው መፈተሻ ጆሮ ነው። ብረቱን በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል። ዝገት የበላው ብረት ድምፁ የታፈነ ነው። መዶሻው ከሰረጎደበት ያ ብረት ለብየዳ አይሆንም። ተቆርጦ ይውጣና በአዲስ ይተካ። በዚህ ጊዜ ለባለቤቱ እውነቱን መንገር ያስፈልጋል። "ይህ አይጠገንም፤ መለወጥ አለበት" ማለት ገንዘብ ያስቀር ይሆናል። ነገር ግን ሰው አያሰጥምም።

ብየዳው

ስንጥቁ ከተገኘ በኋላ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ በመሰርሰሪያ (በትራፓኖ) ትንሽ ቀዳዳ ክፈቱ። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለምን? ስንጥቅ የሚሄደው በሹል ጫፉ ነው። ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ይቆማል። ጨርቅ ሲቀደድ ጫፉን እንደ መቋጠር ነው።

ከዚያ ስንጥቁን በግራይንደር ወይም በሞረድ ክፈቱት። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ቦይ ይሁን። ላዩን ብቻ የበየደ ሰው ቁስሉን ሳያጥብ ፋሻ እንዳሰረ ሐኪም ነው። በቦዩ ዙሪያ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብረቱ እስኪያበራ ይጽዳ።

አሁን ዘንጉን በቦታው አስገቡና ልኩን እዩ። ሲባጎ ከላይኛው ቀዳዳ መካከል እስከ ታችኛው መካከል ወጥሩ። ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ለመለካት አትሳሱ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና።

ልኩ ከተስተካከለ በኋላ በ4 ቦታ ብቻ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ አያይዙት። ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት። በቀላሉ ከዞረ ቀጥሉ። ከያዘ ነጥቦቹን ቆርጣችሁ እንደገና አስተካክሉ። አሁን ማረም ቀላል ነው። ሙሉ በሙሉ ከተበየደ በኋላ ግን አይታረምም።

ስትበይዱ በአንድ ጊዜ እስከ ዳር አትሂዱ። ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር በይዱ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ተሻገሩ። ብረት በአንድ በኩል ብቻ ከጋለ ይጣመማል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቅርፊቱን በመዶሻና በብሩሽ አንሡ። ኤሌክትሮዱ ደረቅ ይሁን፤ እርጥበት የነካው ኤሌክትሮድ ብየዳውን ያባዋል። የጋለውንም ብረት በውኃ አታቀዝቅዙት። ራሱ ቀስ ብሎ ይብረድ። በውኃ ድንገት የቀዘቀዘ ብረት ይሰነጠቃል።

ድጋፉን ለማጠንከር ከጎኑ ተጨማሪ ላሜራ መበየድ ይቻላል። ውፍረቱ ከዋናው ጋር እኩል ይሁን። ማዕዘኖቹን ክብ አድርጓቸው፤ ስንጥቅ ሹል ማዕዘን ይወዳል።

ዓይናችሁን በመነጽር፣ እጃችሁን በጓንት መጠበቅ አትርሱ። ቀለም ወይም ዚንክ የተቀባ ብረት ሲጋል ጭሱ ይጎዳል። አስቀድሞ ተፍቆ ይነሣ።

ቦኮላ፣ ብሎን፣ ቀለም

ያለቀው ቦኮላ በአዲስ ይለወጥ። ከገበያ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ያወጡታል። ዘንጉ ሳይጠብቅ፣ ሳይወዛወዝ መዞር አለበት። ግሪስ ይቀባ።

ብሎኖቹ አሮጌ ከሆኑ ሁሉም ይለወጡ። ከዳዶው በታች ሮንዴላ ይግባ። እንዳይፈታም ሁለተኛ ዳዶ ይጠብቅበት። ብሎኑ በጀልባዋ አካል ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ውኃ የማያስገባ ማሸጊያ ይደረግ።

በመጨረሻ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያ የላይ ቀለም ይቀባል። ግን ቀለም የሚቀባው ሥራው ታይቶ ካበቃ በኋላ ነው። በጠመኔና በላምባ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ፈትኑት። ጥቁር መስመር ካልታየ ቀለሙን አምጡ። ቀለም ስንጥቅን ከሰው ዓይን ይሸፍናል፤ ከውኃ ግን አይሸፍነውም።

ሙከራ

ጀልባዋ ወደ ውኃ ስትገባ መንገደኛ አይጫንባት። ከዳር ሳትርቅ ቀስ ብላ ትሂድ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ትዙር። ከዚያ ትንሽ ፍጥነት ትጨምር። ተመልሳ ስትመጣ ብሎኖቹ ይታዩ፤ የላላ ካለ ይጥበቅ።

ጥሩ ጥገና ቢደረግም ጀልባ ያለ መቅዘፊያና ያለ ሕይወት አድን ጃኬት አትነሣ። መሪው በሐይቁ መካከል ቢለቅ ነጂው የሞተሩን ኃይል ይቀንስ። ሰው ሁሉ ጃኬቱን ለብሶ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ማንም አይነሣ። ረጅም መቅዘፊያ ከኋላ ወደ ውኃ ገብቶ እንደ መሪ ያገለግላል። የጥንቱ ታንኳ ቀዛፊ ዘዴ ያን ቀን ነፍስ ያድናል።

ደብተሩ

አንድ ነገር ቀርቷል። ጥገና ሲያልቅ ይጻፍ። ብዙ ጥሩ ባለሙያዎች ይህን አያደርጉም፤ መጻፍ ስላልተማሩ ነው። እናንተ ግን አሁን ትችላላችሁ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

"ቀን። የታችኛው ድጋፍ ተሰንጥቆ ነበር። ምክንያቱ ቦኮላው አልቆ ነው። ስንጥቁ ተበየደ። ቦኮላው ተለወጠ። 6 አዲስ ብሎን ገባ። ከ1 ወር በኋላ ይታይ።" ከዚያ ስማችሁን ጻፉና ፈርሙ።

ይህች ትንሽ ጽሑፍ ብዙ ትሠራለች። የሚቀጥለው ጠጋኝ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ባለጀልባውም መቼ እንደሚያሳይ ያውቃል። በሥራው ላይ ስሙን የጻፈ ሰው ደግሞ ስንጥቅ በቀለም አይሸፍንም። ከማረሚያ ቤት ለሚወጣ ሰው ይህ የበለጠ ይጠቅመዋል። ሰው ገና ባያምነው እንኳ ሥራውንና ደብተሩን አይቶ ማመን ይጀምራል።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን በዚህ አበቃ። ባላችሁበት ክፍል አንድ የተሰበረ ነገር ፈልጉ። የበር ማጠፊያ ይሁን፣ የወንበር እግር ይሁን። ሳትጠግኑት በፊት ለምን እንደ ተሰበረ በደብተራችሁ ጻፉ። ሰላም ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመሪ ሰሌዳና የበር ማጠፊያ ታሪክ በምን ይመሳሰላል?
2. ባዶ የነዳጅ ጋን ለምን ያስፈራል?
3. ስንጥቅ በጠመኔና በላምባ እንዴት ይገኛል?
4. በስንጥቁ ጫፍ ላይ ቀዳዳ የሚከፈተው ለምንድን ነው?
5. እናንተ የጠገናችሁት ዕቃ ተመልሶ ተሰብሮ ያውቃል? ምክንያቱ ምን ነበር?

አዳዲስ ቃላት

ድጋፍ - አንድን ነገር ይዞ የሚያቆም
ዘንግ - ረጅምና ክብ ብረት ወይም እንጨት
ቦኮላ - ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት
ስንጥቅ - ቀጭን ስብራት
ዳዶ - ብሎንን የሚያጠብቅ
ትነት - ከነዳጅ ወይም ከውኃ ወጥቶ ከአየር ጋር የሚቀላቀል